ስለ ነገ አለመጨነቅ የተነገረው ቃል እንዴት ይተረጐማል

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ6ኛው ምዕራፍ ስለ ነገ መጨነቅን ከልክሏል። ይህንንም ቃል አንዳንድ መምህራን ሲተረጕሙ፥ ለክፉ ቀን እህል ማኖር የእምነት ጕድለት ነው፤ ችግር በመጣ ጊዜ እግዚአብሔር ያውቃል ይላሉ። ትርጓሜያቸው ከመሠረቱ እውነት አለበት፤ ስስት ብዙ ጊዜ የጥንቃቄን ልብስ ለብሶ ይመጣልና። ፍጻሜው ግን ከመጻሕፍት ጋራ አይስማማም።

መጨነቅና መሰናዳት አንድ አይደሉም። የሚጨነቅ ሰው የራሱን ሆድ ያስባል፤ የሚሰናዳ ሰው ግን የባልንጀራውን ረኃብ አስቀድሞ ያያል። በሉቃስ ወንጌል በ12ኛው ምዕራፍ የተነገረው ባለጸጋ ጐተራውን አፍርሶ ሰፊ ጐተራ ለመሥራት አሰበ፤ ዮሴፍም በግብጽ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምድሩ ፍሬ አምስተኛውን እጅ አከማቸ። ሁለቱም አከማቹ፤ ነገር ግን አንዱ ተነቀፈ፥ ሁለተኛው ተመሰገነ። የለያቸውም የጐተራው ስፋት ሳይሆን ጐተራው የተሠራለት ሰው ነው፤ ያ ለራሱ፥ ይህ ለሕዝብ።

ተከራካሪ ቢነሣ ግን፥ ዮሴፍ እህሉን ሸጠ እንጂ በነጻ አልሰጠም፤ የሕዝቡም ከብትና መሬት ለፈርዖን ገባ ይላል። ይህም በዘፍጥረት በ47ኛው ምዕራፍ ተጽፏልና ሐሰት ነው አይባልም። ስለዚህ ፍጹሙ ምስክር ከሐዋርያት ሥራ ከ11ኛው ምዕራፍ ይፈለጋል።

በዚያ ነቢዩ አጋቦስ በዓለም ሁሉ ረኃብ እንደሚሆን በመንፈስ አመለከተ፤ ይህም እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ከ41 እስከ 54 በነገሠው በቀላውዴዎስ ቄሣር ዘመን ተፈጸመ። ትንቢቱ ለዓለም ሁሉ ነበረና ረኃቡ የአንጾኪያን ሰዎችም ያሰጋ ነበር። እነርሱ ግን በራቸውን አልዘጉም፤ በይሁዳ ለሚኖሩት ወንድሞች ርዳታ ለመስደድ ቈረጡ። በዚህም ሦስት ነገር ይስተዋላል። መጀመሪያ፥ የሙታን ቍጥር እስኪነገራቸው አልቈዩም። ሁለተኛ፥ እያንዳንዱ እንደ ችሎታው አወጣ እንጂ ነገሩን ለባለጸጎች ብቻ አልተዉም። ሦስተኛ፥ ገንዘቡን በታመኑት በበርናባስና በሳውል እጅ ለሽማግሌዎች ሰደዱ። ያ ትርጓሜ እውነት ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች እምነት የጐደላቸው በተባሉ ነበር፤ ነገር ግን ትንቢቱን ማመናቸው የታወቀው በመሰናዳታቸው ነው።

በኢትዮጵያም በ1880 ዓ.ም. ገደማ የከብት እልቂት ተነሥቶ፥ እስከ ዛሬ ክፉ ቀን የሚባለው ረኃብ በሆነ ጊዜ፥ ዳግማዊ ምኒልክ ጐተራቸውን አስከፍተው ለረኃብተኛ አካፈሉ። ጐተራው አስቀድሞ ባይሞላ ኖሮ ርኅራኄያቸው እንባ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር።

እንግዲህ በመከር ጊዜ እግዚአብሔር ያውቃል ብሎ ሕዝቡን የሚያዘናጋ መምህር፥ በክረምት ድኻው ባዶ እጁን ከደጅ ሲመለስ ከነገሩ ንጹሕ አይደለም። ጐተራውን ሞልቶ ቍልፉን የሚሰውር መኰንንም ከዚያ ባለጸጋ አይለይም። ጌታ ጭንቀትን የከለከለው እጅ ለባልንጀራ እንዲፈታ ነው እንጂ እንዲታጠፍ አይደለም። ይህን አስተውሎ ለመሥራት እግዚአብሔር ልቡና ይስጥ፤ አሜን።