አንድ ድምፅ በብዙ ጣቢያ

ዋሽንግተን ዙሪያ ጧት ወደ ሥራ የሚነዳ ሰው መንገድ ሲዘጋበት ሬዲዮ ይከፍታል። አንዱ ጣቢያ ያለውን ከሰማ በኋላ፣ ሌላውም ይለው እንደሆነ ለማረጋገጥ ጣቢያ ይቀይራል። ሁለቱ ከተስማሙለት ያምንና በሚቀጥለው መውጫ ይወጣል። የማያውቀው ነገር ቢኖር፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ዘገባ ያዘጋጀው አንድ ዴስክ፣ አንዳንዴም ያነበበው አንድ ሰው መሆኑን ነው። እኔ የምሠራው እንዲህ ባለ ዴስክ ላይ ነው። ጣቢያዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ዘጋቢ በነበራቸው ጊዜ የአንዱን ስህተት ሌላው ያጋልጠው ነበር። አሁን ያ ጥርጣሬ የእኛ ሥራ ሆኗል። እኛ ካልተጠራጠርን የሚጠራጠር የለም።

ንግዱ እንዲህ ነው። ጣቢያው ሄሊኮፕተር ተከራይቶ፣ ዘጋቢ ቀጥሮ ከመድከም ዘገባውን ከውጭ ድርጅት ይወስዳል። ብዙውን ጊዜ ገንዘብ አይከፍልም፤ የሚሰጠው የአየር ሰዓት ነው። ከዘገባው ጋር 10 ሰከንድ ገደማ የምትሆን ማስታወቂያ ትነበባለች። ድርጅቱ ያቺን 10 ሰከንድ ከብዙ ጣቢያ ሰብስቦ ለባንክ፣ ለኢንሹራንስ፣ ለመኪና ሻጭ በጅምላ ይሸጣል። ዴቪድ ሳፐርስቲን እ.ኤ.አ. በ1978 ያቋቋመው ሜትሮ ትራፊክ የገነነው በዚህ ስልት ነው። የአዲስ አበባን ኤፍኤሞች ለሚያውቅ ሰው ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስለዋል፤ እዚያ ተባባሪ አዘጋጁ ሰዓቱን ከጣቢያው በገንዘብ ይገዛና ወጪውን በማስታወቂያ ለመመለስ ይሯሯጣል።

ጣቢያዎቹን ወደዚህ የገፋቸው ወጪ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 የፌዴራሉ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ሬዲዮ ጣቢያዎች ከመዝናኛ ውጭ ላሉ ዝግጅቶች ሊሰጡት ይገባ የነበረውን የሰዓት ድርሻ የሚመለከተውን መመሪያ አነሳ። ዜና ግዴታ መሆኑ ሲቀር ብዙ የሙዚቃ ጣቢያዎች የዜና ክፍላቸውን ለማጠፍ ጊዜ አልወሰደባቸውም። በ1996 የወጣው ሕግ ደግሞ አንድ ባለቤት በመላ አገሪቱ ሊይዝ የሚችለውን የሬዲዮ ጣቢያ ብዛት ገደብ አነሳ። አቅራቢዎቹም እየተዋዋጡ መጡ። ሜትሮ በ1999 ወደ ዌስትዉድ ዋን፣ በ2011 ወደ ክሊር ቻናል ተዛወረ። ክሊር ቻናል፣ የዛሬው አይኸርትሚዲያ፣ በአገሪቱ ብዙ ጣቢያ በመያዝ ቀዳሚው ነው። ተፎካካሪ የነበረ ጣቢያ ዘገባውን ከተፎካካሪው ቤት የሚቀበልበት ዘመን የመጣው እንዲህ ነው።

ወደ ሥራው ልግባ። ቀኑን መንገድ ላይ የሚውሉ ሹፌሮች ይደውሉልናል። እዚህ ከተማ ታክሲ ከሚነዱት ብዙዎቹ የአገራችን ልጆች ስለሆኑ፣ በእንግሊዝኛ የተጀመረ ጥሪ ወዲያው ወደ አማርኛ የሚዞርበት ጊዜ አለ። አንድ ጧት የደወሉልኝ አዛውንት፣ ቤልትዌይ ላይ፣ ፖቶማክን ከሚሻገረው የአሜሪካን ሊጂን ድልድይ አጠገብ የጭነት መኪና ተገልብጧል አሉኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ በሚነዱበት በኩል ነው ወይስ ከግንቡ ማዶ?»

«ማዶ ነው ልጄ። እኔ ወደ ቨርጂኒያ እየሄድኩ ነው።»

«የትኞቹን መስመሮች ዘጋ?»

«ከግንቡ ጋር ያሉትን ሁለቱን። ዳር ዳሩን አንድ በአንድ እያለፉ ነው።»

ግራ ነው ቀኝ ብዬ አልጠየቅኋቸውም። ከማዶ ሆኖ ለሚያይ ሰው ግራና ቀኝ ይምታታል፤ ግንቡ ግን አይምታታም። ቤልትዌይ ከተማዋን የሚዞር ቀለበት ነው፤ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ የሚሄደው የውስጥ ዙር፣ ተቃራኒው የውጭ ዙር ይባላል። እሳቸው በውጭው ዙር ነበሩ፤ የተገለበጠው መኪና በውስጠኛው ላይ ወደ ሜሪላንድ ይሄድ የነበረ ነው። ይህን አገላብጦ የተናገረ ዘጋቢ፣ መንገዱ ክፍት የሆነለትን ሰው ከመንገድ ያስወጣል፤ ሌላውን ደግሞ መውጫ ወደሌለው ድልድይ ይሰድደዋል። በአንድ ጣቢያ ብቻ ሳይሆን በሁሉም።

ካሜራው ዞሮ ሌላ ቦታ ያያል፤ የፖሊሱ ስካነር «አደጋ» ከማለት በቀር ገና ዝርዝር የለውም። የማሰራጫ ሰዓቱ ግን ደርሷል። እንዲህ ባለ ጊዜ «አንድ ሹፌር እንደነገረን» ብሎ መናገር ያስፈልጋል። አንዳንድ የጣቢያ አዘጋጆች ዘገባውን ደካማ ያስመስለዋል ብለው ይህችን ሐረግ አይወዷትም። እኔ አልተዋትም። ባለመኪናው የያዝኩት የአንድ ሰው ቃል ብቻ መሆኑን ካወቀ፣ መውጣቱንም መቆየቱንም ራሱ ይመዝናል።

አጻጻፉም የራሱ ሥርዓት አለው። «ከባድ አደጋ ደርሷል» ብሎ መጀመር ከንቱ ነው፤ ሹፌር ጆሮው የሚከፈተው የራሱን መንገድ ስም ሲሰማ ነው፤ ስሙ ዘግይቶ ከመጣ ከፊቱ የተባለው አምልጦታል። ስለዚህ መንገዱ ይቀድማል፤ አቅጣጫው፣ ቦታው፣ የተዘጋው መስመር ይከተላሉ፤ አደጋው ራሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ከሁሉ የምንቸገርበት ግን መኪናው ሲነሳ መንገሩ ነው። የተነሳ አደጋ ሳይሰረዝ ሌላ ዙር ቢነበብ፣ ያለምክንያት የወጣው መኪና ሁሉ የመንደሩን ጠባብ መንገድ ይሞላዋል። መኪናው መነሳቱን ማንም ደውሎ አይነግረንም፤ ሰው መንገድ ሲከፈትለት ይነዳል እንጂ ስልክ አያነሳም። ስለዚህ ደዋዩን መልሰን የምንጠይቀው እኛ ነን።

ይህ ሥራ ሕይወትም ተከፍሎበታል። በዩ-2 የስለላ አውሮፕላኑ የሚታወቀው ጋሪ ፓወርስ በ1977 የሞተው ለሎስ አንጀለስ ቴሌቪዥን ጣቢያ በሚያበራት ሄሊኮፕተር ነው። በ1986 ጄን ዶርናከር የኒውዮርክን ትራፊክ በቀጥታ ሥርጭት እየዘገበች ሳለ ሄሊኮፕተሯ ሃድሰን ወንዝ ላይ ወደቀች። የተሳፈረችባት ከሌላ ድርጅት የተከራዩአት ነበረች። ሥራን ለውጭ መስጠት ኃላፊነትንም አብሮ መስጠት አይደለም ስል እሷን አስባለሁ።

አንድ ዘጋቢ በየጣቢያው የተለያየ ስም ይዞ የሚያነብበት ልማድ አለ። ጣቢያው ድምፁ የራሱ እንዲመስልለት ይፈልጋል። የሥራ ባልደረቦቼ አይከፋቸውም፤ እኔ ግን ልክ አይመስለኝም። አድማጩ ሁለት ምስክር ያገኘ እየመሰለው አንድ ምስክር ሁለት ጊዜ ይሰማል። አንድ ስም ይበቃል፤ ድርጅቱም ይጠራ።

ጎግል በ2013 የገዛውን ዌዝን የመሰሉ መተግበሪያዎች ከመጡ ወዲህ ያበቃልን መስሏቸው የሚያዝኑልን አሉ። ስልኩ መኪናው በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ከእኔ ይልቅ ያውቃል። የቆመው መኪና ነዳጅ የፈሰሰበት መሆኑን፣ ማጽዳቱም ሰዓታት እንደሚወስድ ግን ጠይቆ የሚያውቅ ሰው ነው። የሚያሳስበኝ ይህ ሰው እየሳሳ መሄዱ ነው። ወጪ ለመቆጠብ የብዙ ከተሞች ዘገባ ከአንድ ማዕከል ይሠራል፤ አንባቢው የሚጠራውን ድልድይ አንድ ቀን እንኳ ተሻግሮት አያውቅም። ስለዚህ ውል የሚፈርሙ የጣቢያ ኃላፊዎች የማስታወቂያውን ሰከንድ ብቻ አይደራደሩ። ሌሊት ዴስኩ ላይ ማን አለ፣ ስንት ከተማ ይዟል፣ አንድ ደዋይ ያለውን በምን ያረጋግጣል፣ ስህተት ሲገኝ በስንት ደቂቃ ለሁሉም ጣቢያ ይታረማል ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም ውሉ ላይ ያስጽፉ።