ፊርማው ሲመዘገብ የስጦታ ቃሉ ሲቀር፦ የሴት ደራስያን ብርቅ መጻሕፍት ገበያ ከቋንቋ ጥናት አንጻር

እ.ኤ.አ. በ2018 በለንደን የተከፈተው «ዘ ሰከንድ ሼልፍ» የተሰኘው መጻሕፍት ቤት የሴት ደራስያንን ብርቅ መጻሕፍት፣ የመጀመሪያ እትሞችና ፊርማ ያረፈባቸውን ቅጂዎች ለይቶ ለመሸጥ የተቋቋመ ነው። መነሻውም የሴቶች ሥራዎች በዚህ ገበያ ከወንዶች ሥራዎች ያነሰ ግምት ይሰጣቸዋል የሚል ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የንግዱ ዋና ዋና መመዘኛዎች፣ ማለትም የእትሙ ቀዳሚነት፣ የሽፋኑ ደኅንነትና የፊርማው መኖር፣ እንደነበሩ ናቸው። በአፍሪካ ቋንቋዎች የተጻፉ መጻሕፍት በእነዚህ ብቻ ሲመዘኑ ከሚዛኑ ውጭ የሚቀረው ቋንቋው ራሱ ነው።

ኬንያዊቷ ደራሲ ግሬስ ኦጎት በ1966 እ.ኤ.አ. «ዘ ፕሮሚስድ ላንድ»ን በእንግሊዝኛ፣ በ1983 ደግሞ «ሚያሃ»ን በሉኦ ቋንቋ አሳትመዋል። ሁለተኛውን የቋንቋ ምሁሩ ኦኮት ኦኮምቦ ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት በ1989 ታትሟል። ሉኦ የማያነብ ሻጭ የ«ሚያሃ»ን ዓመትና ሽፋን ሊመዘግብ ይችላል፤ መጽሐፉ ከትርጉሙ በምን እንደሚለይ ግን ሊናገር አይችልም።

በአማርኛ ጉዳዩ ይበልጥ የሚጎላው በፊርማው ላይ ነው። በ1942 ዓ.ም. የታተመው የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ «የልቤ መጽሐፍ» የስጦታ ቃል ከሰፈረበት ቅጂው ጋር ለሽያጭ ቢቀርብ፣ በንግዱ ልማድ «የደራሲዋ ፊርማ ያለበት» የሚል አንድ ሐረግ ይበቃዋል። ለቋንቋ አጥኚ ግን ፊርማው ከሁሉ ያነሰው መረጃ ነው። የታተመው ምንባብ በፊደል ለቃሚና በአራሚ እጅ አልፏል፤ የስጦታው ቃል ግን በቀጥታ ከደራሲዋ ብዕር የወጣ ነው። ሐመሩን «ሐ» ከሃሌታው «ሀ»፣ ንጉሡን «ሠ» ከእሳቱ «ሰ» ትለይ እንደሆነ የሚታየው በዚያ ነው። ተቀባዩን «አንቺ»፣ «እርስዎ» ወይም «አንቱ» ብላ መጥራቷም የዘመኑን የአክብሮት ሥርዓት ይመሰክራል።

ሻጮች «ፎቶግራፉ ይበቃል» ሊሉ ይችላሉ። ሆኖም ፎቶግራፉ ከሽያጩ በኋላ ላይገኝ፣ መጽሐፉም በግለሰብ መደርደሪያ ተዘግቶ ሊቀር ይችላል። ከማተሚያ ቤት በቀጥታ ወደ ቤተ መጻሕፍት የገባ ቅጂም ይህን ክፍተት አይሞላም፤ የስጦታ ቃል የለበትምና። ከዚህ ይልቅ ቃሉ የፊደል ግድፈቱ ሳይታረም፣ ከነቀኑና ከነቦታው በካታሎጉ ሊገለበጥ ይገባል። የተቀባዩን ስም መሰወር ካስፈለገም ማዕርጉና የአጠራሩ መልክ ሊቀሩ ይችላሉ። ይህ ሥራ ለሻጩ የጥቂት ደቂቃ ድካም ነው። ካልተሠራ ግን የሴት ደራስያንን መጽሐፍ አስወደደ የተባለው ገበያ ፊርማቸውን ሸጦ የጻፉትን ቃል ያስጠፋል።