ከስም በፊት መሬት ጠይቁ

የአያቱን ታሪክ ፈልጎ ዋግ ኽምራ ውስጥ ወዳለው አበርገሌ ለሚሄድ ሰው የምመክረው ከስም በፊት መሬት እንዲጠይቅ ነው። «አያቴን ያውቋቸዋል?» ብላችሁ ከጀመራችሁ ሽማግሌው «አዎ» ብለው ዝም ሊሉ ይችላሉ። «የት የት ያርሱ ነበር? በማንስ በኩል ደረሳቸው?» ስትሏቸው ግን ትውልዱን ከነቅርንጫፉ ያወርዱታል። በርስት ዘመን ድርሻ የሚጠይቅ ሰው ከአቅኚው አባት ተነሥቶ እስከ ራሱ መቁጠር ነበረበት፤ ቆጠራው ከተበጠሰበት በሙግቱ ይሸነፋል። ርስት በእናትም በኩል ስለሚወረስ የሴት አያቶች ስም አብሮ ተጠብቋል። ልጅ በአባቱ ስም ብቻ በሚጠራበት አገር ይህ ትልቅ ሀብት ነው።

የልደት ዓመቱን ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የልደት ወረቀት ባይኖርም ሽማግሌዎች ዘመኑን በዓመቱ ወንጌላዊ ስም ያስታውሳሉ። «ከማይጨው በኋላ በዘመነ ሉቃስ ተወለደች» ከተባልኩ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሬ ለ4 አካፍላለሁ፤ 3 ሲተርፍ ሉቃስ ነው። የማይጨው ጦርነት 1928 ስለሆነ የሚቀጥለው ዘመነ ሉቃስ 1931 ይሆናል። ዘመኑ ግን በየ4 ዓመቱ ይመለሳልና 1935ም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ታላቋና ታናሿ መቼ እንደተወለዱ ሳልጠይቅ ዓመት አልጽፍም።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ የክርስትና ስም ይዛችሁ ሂዱ፤ ካህናቱ ሙታንን በጸሎት የሚያስቡት በእርሱ ነው። ሽማግሌው አፋቸውን የፈቱት በኽምጣና ቋንቋ ከሆነ ደግሞ በኽምጣና የሚጠይቅላችሁ ሰው ፈልጉ። የዘር ሐረጉ አበርገሌ ላይ የተቆረጠ ከመሰላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ብዙ ቤተሰብ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና መተከል ሄዶ ሰፍሯል፤ የአያታችሁ ወንድም ልጆች መተከል ውስጥ ፓዊ ይኖሩ ይሆናል።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሆኖ ርስት ቀረ። አዋጁን አልነቅፍም፤ ትውልድ የመቁጠር ግዴታ ግን አብሮት ቀርቷል። ያን ጊዜ የ25 ዓመት ጎልማሳ የነበረ ባለርስት ዛሬ ከ75 አልፏል። ቆጠራውን ከሙግት አደባባይ የሰሙት የመጨረሻዎቹ ሰዎች እነዚህ ናቸው። ስለዚህ ለሻደይ በዓል አገር ቤት ስትገቡ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ድምፃቸውን በስልካችሁ ቅረጹ፤ መጀመሪያም የእናታቸውን እናት ስም ጠይቋቸው።