የጣርማ በር ዳገትና የሊትር ሒሳብ

ጋራዥ ደጃፍ ላይ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ይቺ መኪና በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ጠያቂው ሽንኩርት የጫነ የአይሱዙ ሹፌርም ይሁን ዘመድ ሊጠይቅ ከአዲስ አበባ በሃይብሪድ የወረደ ሰው፣ መልሴ በጥያቄ ይጀምራል። ከየት ወዴት? ምን ያህል ጭና? አንዳንዱ መልሱን የሸሸሁት ይመስለዋል። እኔ ግን እነዚህን ሁለቱን ሳይጠይቅ ቁጥር የሚሰጥ መካኒክ፣ በተለይ ሸዋ ሮቢት ላይ፣ ደንበኛውን ያሳስታል ብዬ አምናለሁ።

ከተማችን ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ከፍታዋ ወደ 1,280 ሜትር ነው። በአርማኒያና በደብረ ሲና አድርጎ ሽቅብ የሚወጣ ሰው በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለው የጣርማ በር ዋሻ ጋ ሲደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ቆሟል። በ45 ኪሎ ሜትር መንገድ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ መውጣት ማለት ነው። የይፋት ቆላ ሽንኩርቱን፣ ቲማቲሙንና ማሾውን የሚሸጠው ለደጋውና ለአዲስ አበባ ስለሆነ፣ መኪናው ከባድ ጭነት የሚይዘው በዳገቱ በኩል ነው።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። 50 ኩንታል ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ኤፍኤስአር ከራሱ ክብደት ጋር 10 ቶን ያህል ይሆናል። ይህን ክብደት 1,800 ሜትር ከፍ ማድረግ ብቻ 49 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። አንድ ሊትር ናፍጣ 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ቢኖረውም፣ ጥሩ የናፍጣ ሞተር ወደ ሥራ የሚለውጠው ከሲሶው ትንሽ ከፍ ያለውን ነው፤ ሌላው በራዲያተርና በጭስ ይወጣል። ስለዚህ ለከፍታው ብቻ 13 ሊትር ያህል ይቃጠላል። ጎማውና ነፋሱ የሚበሉት ሲጨመር ያ መኪና በዚያ ዳገት ላይ በሊትር 3 ኪሎ ሜትር አይሞላም። አንዱ ሹፌር ይህን አይቶ «ፖምፓው ተበላሽቷል» ብሎ ሊያስፈታ ይመጣል። ፖምፓው ደህና ነው፤ ናፍጣው የሄደው ተራራው ላይ ነው።

ሃይብሪዷስ? አራት ሰው የያዘች ፕሪየስ አንድ ተኩል ቶን ገደማ ትሆናለች። እሷም ለከፍታው ብቻ ከ2 ሊትር በላይ ቤንዚን ታቃጥላለች። ፋብሪካው በሊትር ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች ያለው ውሸት አይደለም፤ ግን የተለካው እዚህ አይደለም። በዚያ ላይ እንደሷ ያለ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ ጣርማ በር ሲደርስ የባሕር ዳርቻ ጉልበቱ ሲሶ ያህሉ የለም። ባለ ቱርቦ ናፍጣ ይህን አየር አጠር ከፍታ በተሻለ ይቋቋማል።

በኪሎ ሜትር ብቻ ከሄድን ግን ሃይብሪዷ አሸናፊ ናት፤ ማንም አይከራከርም። ነገሩ የሚገለበጠው ኩንታል ሲገባበት ነው። አይሱዙው በጥሩ መንገድ በሊትር 4 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ 50 ኩንታሉን ይዞ ስለሆነ በአንድ ሊትር አንድ ኩንታልን 200 ኪሎ ሜትር አደረሰ ማለት ነው። ሃይብሪዷ አራት ሰው፣ 3 ኩንታል ያህል፣ ይዛ 20 ኪሎ ሜትር ብትሄድ 60 ላይ ትቆማለች። ነዳጅ በላተኛ እየተባለ የሚወቀሰው መኪና ለሸክሙ ሲታይ ቆጣቢ ሆኖ ይገኛል። ባዶውን ሲመለስ ግን ይህ ሁሉ ይጠፋል። ለዚህ ነው ለሹፌሮች ከሞተር ጥገና እኩል የመልስ ጭነት ስለማግኘት የምነግራቸው።

ሃይብሪድ የተሠራችው ለሌላ ሕይወት ነው። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጃፓን ውስጥ የተሸጠችው ፕሪየስ ብልሃቷ፣ ፍሬን ሲያዝ የሚባክነውን ጉልበት ወደ ባትሪ መልሳ መኪናው ሲነሣ መጠቀሟ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መገናኛና ሜክሲኮ ላይ መቆምና መነሣት ለሚበዛበት ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ቆማ ሞተሯ አይሠራም፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ይከፈላታል። ከጣርማ በር ወደ እኛ ስትወርድ ግን ያ ብልሃት ቶሎ ይጠግባል። ከቁልቁለቱ ከሚገኘው 7 ኪሎዋት ሰዓት ላይ ጎማና ነፋስ የሚወስዱትን ቀንሰን፣ ቀስ ብላ ብትወርድ 4 ያህል ይተርፋል። የባትሪዋ ጠቅላላ አቅም 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ኮምፒውተሩ እንድትጠቀም የሚፈቅድላት ደግሞ ግማሹን እንኳ አይሆንም። ደብረ ሲና ቆሎ ለመግዛት ሳትቆም ባትሪው ሊሞላ ይችላል። ከዚያ በኋላ የቀረው አብዛኛው በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ማርሽ መቀየሪያው ላይ «ቢ» የምትባለዋን ካላስገቡ በቀር። «ቢ» ሞተሩን ሳያቃጥል እያሽከረከረ መኪናዋን ይይዛል። የከተማ ሹፌሮች ብዙዎቹ ያቺን ፊደል ነክተዋት አያውቁም።

የጭነት መኪናው ይህን ትምህርት ቀድሞ ያውቃል። ልምድ ያለው ሹፌር ዋሻውን እንደወጣ ማርሹን ያከብዳል፣ በጭስ ማውጫው የሚሠራውን የሞተር ፍሬን ይከፍታል፣ ፔዳሉን ለመጨረሻ ያስቀምጠዋል። ይህን ያላደረገው ከጋራዡ ደጃፍ ሳይደርስ ሽታው ይደርሰናል፦ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ። ታምቡሩ ግሎ ሰማያዊ ጥላ ይዞ ይመጣል፤ ረዳቱ ታኮ አስገብቶ ሲያበቃ በጄሪካን ውሃ ሊያፈስበት ይሮጣል። እጁን ይዤ አስቆመዋለሁ። የጋለ ብረት ድንገት ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ዛሬ አይታይም፣ የሚታየው በሚቀጥለው ቁልቁለት ላይ ነው። በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ፤ ሽንኩርቱ አንድ ሰዓት ቢዘገይ ምንም አይሆንም።

አስተማማኝነትን በተመለከተ አቋሜ ብዙዎችን ሲያስገርም አይቻለሁ። ሃይብሪዷ በውስጧ ብዙ የሚበላሽ ነገር የላትም። ፍሪሲዮን የላትም፣ ሞተሪኖ የላትም፣ ዲናሞ የላትም፤ ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮችና አንድ የጥርስ ስብስብ ሁሉን ይሠራሉ። አይሱዙ ግን ፍሪሲዮን ይጨርሳል፣ ባሌስትራ ይሰብራል፣ ከመጠን በላይ ሲጫንም ኩሽኔታ ይበላል። ልዩነቱ ያለው ብልሽቱ የት ይጠገናል በሚለው ነው። የአይሱዙ ባሌስትራ አጣዬ፣ ካራ ቆሬ፣ ከሚሴ፣ የትም ይታሰራል፤ ፍሪሲዮኑን የሚያወርድ ልጅ በየከተማው አለ። የሃይብሪዷ ኢንቨርተር ውሃ የምታዞረው ትንሿ ፓምፕ ከቆመች ግን መኪናዋ በጭነት መኪና ተጭና ወደ አዲስ አበባ መመለሷ ነው።

ደግሞ አቧራው አለ። የፕሪየስ ባትሪ የሚቀዘቅዘው ከመንገደኞች ክፍል በሚስብ ማራገቢያ ነው፤ የአየር መግቢያው ከኋላ ወንበር አጠገብ ያለ ትንሽ ወንፊት ነው። በቆላው ሙቀት መስኮት ከፍቶ የሄደ፣ ወንበሩ ላይ ማሾ በጆንያ ያስቀመጠ ሰው ያንን ወንፊት ይደፍነዋል። ሽፋኑን ስከፍት የማገኘው ጣት የማያስገባ የአቧራና የክር ጉንጉን ነው። ማራገቢያውን ፈትቼ ክንፎቹን በለስላሳ ብሩሽ አንድ በአንድ እጠርጋለሁ፤ በኃይለኛ አየር ከተነፋ አቧራው ወደ ባትሪው ይገባል። ባትሪው ሞተ፣ ይቀየር ተብሎ ከመጡት መካከል በዚህ ጽዳት ብቻ የዳኑ አሉ። ሙቀት የባትሪ ዋና ጠላት ነው፤ እኛ ቆላ ነን።

ፍጆታውን በትክክል ማወቅ ለሚፈልግ አንድ ዘዴ ብቻ አለኝ። ታንከር ሞልቶ መነሣት፣ ኪሎ ሜትሩን መጻፍ፣ ደርሶ መልስ ከሄዱ በኋላ እዚያው ማደያ እንደገና መሙላት። ደርሶ መልስ መሆኑ ግድ ነው፤ ሽቅብ ብቻ የለካ ይደነግጣል፣ ቁልቁል ብቻ የለካ ይኮራል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ነዳጅ በሞባይል ክፍያ ስለሚቀዳ ስልኩ ውስጥ ያለው መልእክት ቀኑንና የተከፈለውን ገንዘብ ይይዝለታል፤ የዕለቱን የሊትር ዋጋ ለሚያውቅ ሰው ይህ ከማንኛውም ደብተር የተሻለ መዝገብ ነው።

ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና እንዳይገባ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ ጥያቄው ሌላ መልክ ይዟል። እንደኔ ዳገቱ የሚፈልገው ትልቅ ባትሪ ነው። ወደ ሁለት ቶን የምትጠጋ የኤሌክትሪክ መኪና ከጣርማ በር ስትወርድ ሃይብሪዷ የምትጥለውን ጉልበት ለመቀበል ቦታ አላት፤ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ብትመልስ በሜዳው ላይ 25 ኪሎ ሜትር ትሄድበታለች፤ አጣዬን ለሚያስብ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ብቻ ቁልቁለቱን ስትጀምር ባትሪዋ እስከ አፉ የሞላ አይሁን፤ የሞላ ባትሪ ቁልቁለት አይቀበልም።

ጋራዡ ውስጥ አሁን ለልጆቹ የማስተምረው ከእንግዲህ የሚመጣውን ነው። ብርቱካንማ የከፍተኛ ቮልት ሽቦ ያለበት መኪና ሲገባ ቁልፉ ከመኪናው ይርቃል፤ ለ1,000 ቮልት የተሠራው የጎማ ጓንት በአየር ተነፍቶ ቀዳዳ እንደሌለው ይታያል፤ የባትሪው ማቋረጫ መሰኪያ ተነቅሎ በነቃዩ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ 10 ደቂቃ ማንም ምንም አይነካም። በዚያች 10 ደቂቃ ውስጥ የአይሱዙ ሹፌር ከውጭ እየጠራ «ቶሎ በሉ» ቢልም አይነኩም።