የ«እሪታ» ፍችና አገባብ

«እሪታ»ን «ከፍ ያለ ጩኸት» ብሎ መፍታት ለተማሪ ይቀልለዋል፤ ለቃሉ ግን አይበቃም። በደሴ ሰኞ ገበያ ዋጋ የሚጠራ ነጋዴ፣ መንገድ ልቀቁ የሚል ተሸካሚ፣ ልጅዋን በስሙ የምትጣራ እናት ሁሉም ይጮኻሉ፤ አንዳቸውም ግን እሪ አሉ አይባልም። የተዘረፈ ሰው «ኡኡ! የሰው ያለህ!» ያለ እንደ ሆነ ግን ሚዛን የያዘው እጅ ሳይቀር ይቆማል። ይህም ድምፁ ከገበያው ጫጫታ ስለሚበልጥ ሳይሆን የሰማውን ሁሉ ባለ ዕዳ ስለሚያደርግ ነው።

«ኡኡታ» ወደ ድረሱልኝ፣ «ዋይታ» ወደ ሐዘን ያዘነብላል፤ «እሪታ» ሁለቱንም ይይዛል። (በአንድ ዐይነት ምዕላድ ከ«እሪ አለ» እሪታ፣ ከ«ዝም አለ» ዝምታ መውጣቱ የቋንቋው ጨዋታ ነው።) በወሎ ሰው ሲሞት ከቤቱ የሚሰማው እሪታ ሐዘንን መግለጫ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቱን፣ እስላሙንም ክርስቲያኑንም፣ ይጠራል። ቅሬተኛ የሆነ ሰው መሞቱን ሰምቶ ቢቀር ይወቀሳል።

ሕግም ይህን ያውቃል። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ወንጀል ከሚፈጸምበት ወይም ከተፈጸመበት ስፍራ የድረሱልኝ ጩኸት ከተሰማ ነገሩን እንደ እጅ ከፍንጅ ቈጥሮታል።

የቃሉን ጠባይ ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው ግን አንድ የአዲስ አበባ ሰፈር ስም ነው፦ እሪ በከንቱ። በቀድሞ ዘመን ቀማኛ የያዘው መንገደኛ ቢጮኽ የሚደርስለት ስላልነበረ ስሙ እንደ ወጣ ይነገራል። «ጩኸት በከንቱ» ቢባል ኖሮ ስሙ ምንም ባልከሰሰ ነበር፤ ሰው በከንቱ ሊጮኽ ይችላልና። እሪታ ግን ሰሚን አስቀድሞ ስለሚያስብ «በከንቱ» የሚለው ነቀፋ የሚያርፈው ባልደረሰው ሰው ላይ ነው።

በ1965 ዓ.ም. ረኀብ ወሎን ሲመታ መንግሥት ነገሩን ሸሸገ፤ የውጭው ዓለም በሰፊው ያወቀው ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ የቀረፀው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ከታየ በኋላ ነው። ያንን ዘመን «የወሎ እሪታ» ብሎ መጥራት በአማርኛ ትክክል ነው፤ «ከፍ ያለ ጩኸት» የሚለው ፍች ግን እዚህ ላይ ፈጽሞ ይወድቃል። በአውራ ጎዳናው ዳር የተቀመጡት ረኀብተኞች ድምፅ ለማሰማት የቀራቸው ጕልበት አልነበረምና።