ሼንግ ለሳቅ፣ እንግሊዝኛ ለሐሳብ፦ የናይሮቢ የወጣቶች የግጥም መድረክና የቋንቋ ክፍፍሉ

ስለ ናይሮቢ የወጣቶች የጥበብ መድረኮች ሲጻፍ ተደጋግሞ የሚነሣው ምስጋና ጀማሪውን ከያኒ ከታዳሚው ጋር ማገናኘታቸው ነው። ምስጋናው የተገባ ነው። ሆኖም በየትኛው ቋንቋ እንደሚያገናኙ የሚጠይቅ ጽሑፍ እምብዛም አይገጥመንም። በእኔ አስተያየት በእነዚህ መድረኮች የሚቀርበውን ግጥም ለመመዘን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ የለም፤ ገጣሚው ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው በሚሻገርባት ቅጽበት ታዳሚውን ወይ ያገኘዋል ወይ ያጣዋልና።

ለአማርኛ አንባቢ ጥቂት መንደርደሪያ ያስፈልጋል። ቢንያቫንጋ ዋይናይና እ.ኤ.አ. በ2002 የኬይን ሽልማትን ካገኘ በኋላ ከባልንጀሮቹ ጋር በ2003 ያሳተመው “ክዋኒ?” የተሰኘ መጽሔት (ስሙ በመንገድ አነጋገር “እና ምን ይጠበስ?” እንደ ማለት ነው) ከኅትመት አልፎ ወርኃዊ ክፍት መድረክ አበጀ። በዚያው ዓመት በኢንዱስትሪ ሰፈር አንድ የመጋዘን ሕንፃ ጎዳውን የጥበብ ማዕከል ሆኖ ተከፈተ። በ2006 ብሪቲሽ ካውንስል ዋፒ የተባለውን የራፕ፣ የግጥምና የግድግዳ ሥዕል ዝግጅት ጀመረ፤ በ2008 ደግሞ ድምፃዊት ሙቶኒ “ብላንኬትስ ኤንድ ዋይን” የተባለውን የሙዚቃ ዝግጅት መሠረተች። ሁሉም በወጣቶች የተመሩ አልነበሩም፤ መድረኩን የሞሉት ግን ወጣቶች ነበሩ።

ሼንግ በስዋሂሊ ሰዋስው ላይ የእንግሊዝኛ፣ የኪኩዩ፣ የሉኦ፣ የካምባና የሌሎችም ቋንቋዎች ቃላት የተሸመኑበት፣ ከናይሮቢ ምሥራቃዊ ሰፈሮች የወጣ አነጋገር ነው። ቼጌ ጊቲዮራ በ2018 ባሳተመው መጽሐፍ ራሱን እንደቻለ የኬንያ ስዋሂሊ ዘዬ ያየዋል። በታዳሚነት በተከታተልኳቸው ምሽቶች ግን አንድ ልማድ ጎልቶ ይታያል። ገጣሚው በእንግሊዝኛ ይጀምራል፤ ኀዘኑን፣ ፍልስፍናውን፣ የአገሩን ታሪክ በእንግሊዝኛ ይዘረዝራል። አዳራሹ መቀዝቀዙን ሲያስተውል አንዲት የሼንግ ሐረግ ይወረውራል። ሳቅ ይፈነዳል፤ እርሱም ወዲያው ወደ እንግሊዝኛው ይመለሳል። በዚህ አሠራር ሼንግ ቅመም እንጂ ወጥ ሊሆን አልቻለም። ፖሊሱ “ካራኦ”፣ እናቲቱ “ማዘ” ተብለው ሲጠሩ አዳራሹ የሚስቀው የቤቱን ድምፅ ከመድረክ በመስማቱ ነው። ገጣሚው ይህን የመተዋወቅ ደስታ ለቀልዱ የተሰጠ ምላሽ አድርጎ ይወስደዋል፤ በሚቀጥለው ወርም ሌላ ቀልድ ይዞ ይመጣል። የተገናኙ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ቁም ነገሩ የተነገረው ግንኙነቱ በተቋረጠበት ቋንቋ ነው።

ሼንግ ለቁም ነገር አይበቃም የሚል ካለ የዳንዶራዎቹን ካላማሻካን ማዳመጥ ይበቃዋል። እነዚህ ሦስት ወጣቶች የከተማው ቆሻሻ ከሚከማችበት ሰፈር ተነሥተው በ1990ዎቹ መጨረሻ ድህነትንና የሰፈራቸውን ኑሮ በስዋሂሊና በሼንግ ሲናገሩ ማንንም ለማሳቅ አልነበረም። የታወቀው ዘፈናቸው ርእስ “ታፍሲሪ ሂ” ነው፤ “ይህን ተርጉም” ማለት ነው። ለእንደኔ ዓይነቱ የቋንቋ ሰው ከዚህ የተሻለ የቤት ሥራ አልተሰጠም! ርእሱ የትርጉሙን ሸክም ከተናጋሪው ትከሻ አውርዶ በሰሚው ላይ ይጭናል። ዛሬ መድረክ ላይ የሚወጣው ወጣት ገጣሚ ግን ሸክሙን መልሶ ራሱ ተሸክሞታል፤ ማንም ሳይጠይቀው ራሱን ይተረጉማል።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ለቅይጥ አነጋገር ያለን ቃል “ጉራማይሌ” ነው፤ ብዙውን ጊዜ ለነቀፋ እንጠቀምበታለን። ቃሉ የመጣው ግን ከጌጥ ነው፤ ድድን በመሐል በመሐል እየዘለሉ በመነቀስ ጥቁሩና ቀዩ ተፈራርቀው እንዲታዩ ማድረግ ጉራማይሌ ይባላል። ውበቱ ያለው በፈረቃው ሥርዓት ነው፤ ነቃሹ እጁ እንዳመራው ቢወጋ ጌጥ መሆኑ ይቀራል። የናይሮቢው ግጥም ለምን ደባለቀ ተብሎ ሊነቀፍ አይገባም። የሚጠየቀው ፈረቃው ምን ሥራ እንደሚሠራ ነው።

የውድድሩ ሥርዓትም የራሱ ድርሻ አለው። የግጥም ፍልሚያ በ1980ዎቹ አጋማሽ ቺካጎ ውስጥ ሲወለድ ዳኞቹን ከታዳሚው መካከል መምረጡ ትልቅ ዴሞክራሲ ነበር። ሆኖም ዳኛው የሰማውን በደቂቃ ውስጥ ወደ ቁጥር መለወጥ አለበት፤ ዘግይቶ የሚገባ ስንኝ በዚህ ሚዛን ይቀልላል። የአዝማሪ ቤቱ “ተቀበል!” ከዚህ የተለየ ነው፤ እዚያ ታዳሚው ስንኝ ያቀብላል እንጂ ነጥብ አይሰጥም። በአዲስ አበባ ራስ ሆቴል ወር በወር ይካሄድ የነበረው ጦቢያ ግጥም በጃዝም ነጥብ አልነበረውም፤ ናይሮቢ ውስጥ የቋንቋ ሽግግሩ የሚሠራውን የእፎይታ ሥራ እዚያ ሙዚቃው ይሠራው ነበር። ይሁንና የአዲስ አበባው መድረክ የቋንቋ ጥያቄውን መለሰ ለማለት አልደፍርም፤ በአንድ ቋንቋ በመርጋቱ ጥያቄው አልተነሣበትም ማለት ይቀላል።

ሼንግ ከዳር እስከ ዳር ሲቆም ምን እንደሚመስል ማየት የሚሻ በ2016 የወጣውን የጃላዳ የትርጉም እትም ይመልከት። ወጣት ጸሐፊዎች ያቋቋሙት ይህ የአፍሪካ ጸሐፍት ማኅበር የንጉጊ ዋ ቲዮንጎን የኪኩዩ ተረት፣ የሰው ልጅ ቀጥ ብሎ መራመድ እንዴት እንደ ጀመረ የሚናገረውን፣ በ30 ገደማ ቋንቋዎች አስተርጉሞ አወጣው። አማርኛም ሼንግም በዚያ አሉ። ተረቱ የእጅና የእግር ፉክክር ስለሆነ ሳቅ አያጣም፤ ሆኖም ሳቁንም ሐሳቡንም የሚሸከመው አንዱ ቋንቋ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ማኅበሩ በአውቶብስ እየተዘዋወረ በኬንያና በጎረቤት አገሮች ፌስቲቫል አካሄደ፤ ጽሑፉና መድረኩ በአንድ እጅ ሲያዙ የሚሆነውን ለማየት የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

በእጄ የገቡት የመድረክ ግጥሞች የጽሑፍ ቅጂዎች የገጣሚውን ቃል ብቻ ይዘዋል። ታዳሚው የት እንደ ሳቀ፣ የት ዝም እንዳለ፣ የትኛውን ስንኝ ከገጣሚው ቀድሞ እንደ ጨረሰ አይመዘግቡም። ለቀጣዩ የዚህ ጥናት ክፍል የማዘጋጀው ቅጂ ሁለት ዓምድ ይኖረዋል፤ በግራ ገጣሚው፣ በቀኝ አዳራሹ።