ስደተኛ ወይስ ግዞተኛ? የአንድ ቅዳሜ ምሽት የእንግሊዝ ቴሌቪዥን

ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ዳላስ ላይ መገደላቸው ለንደን የተሰማው ዓርብ ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1963) ከምሽቱ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነበር። በዚያች ሰዓት ከቴሌቪዥኑ ዓለም ታላላቅ ሰዎች ብዙዎቹ የክብር ልብሳቸውን ለብሰው፣ የሙያ ማኅበራቸው ባዘጋጀው የሽልማት እራት ላይ ተቀምጠዋል። ቢ.ቢ.ሲ. የሞቱን ዜና ከተናገረ በኋላ የጣቢያውን መለያ፣ ያቺን የምትሽከረከር የዓለም ሉል አሳየ፤ ቀጥሎም በመርሐ ግብሩ የተጻፈውን የሃሪ ዎርዝን የቀልድ ዝግጅት አቀረበ። ቅሬታውን በስልክ ያሰማው ተመልካች ብዙ ነበር። ለቅሶ ቤት ሳቅ ይዞ እንደማይገባ ለማወቅ መመሪያ አያስፈልግም፤ መርሐ ግብር ግን ለቅሶ ቤት አያውቅም።

የሚያነጋግረው የማግሥቱ ቅዳሜ ነው። የዚያን ጊዜው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን በጥቁርና ነጭ ምስል የሚሠራጭ ሲሆን፣ ተመልካቹ ምርጫው ሁለት ብቻ ነበር፦ ቢ.ቢ.ሲ. እና የንግዱ ጣቢያ አይ.ቲ.ቪ.። ሁለተኛው የቢ.ቢ.ሲ. ጣቢያ የተከፈተው በተከታዩ ዓመት ኤፕሪል ወር ነው። ስለዚህ አያትም፣ አባትም፣ ልጅም በአንድ ሳጥን ፊት ተቀምጠው አንድ ነገር ያያሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ «ግራንድስታንድ» የተባለው የስፖርት ዝግጅት አለ፤ ወደ ማታ ደግሞ ታዋቂ ሰዎች አዳዲስ ሸክላዎችን የሚዳኙበት «ጁክ ቦክስ ጁሪ» ይመጣል። አዲሱ ተከታታይ ድራማ የታሰበው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት እንዲሞላ፣ ኳስ ያየውን አባትና ዘፈን የሚጠብቀውን ጎረምሳ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ እንዲያቆይ ነበር። ከቀኑ 11 ሰዓት ከሩብ የተያዘለት ይህ ድራማ ከአንድ ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ጀመረ። ስሙ «ዶክተር ሁ» ይባላል።

የመጀመሪያው ክፍል የሚከፈተው በጭጋግ ነው። አንድ ፖሊስ ባትሪውን ይዞ የቁራሌ ዕቃ ማከማቻ ግቢ በር ይፈትሻል። እሱ እንደ ሄደ በሩ በራሱ ይከፈታል፤ በአሮጌ ዕቃ መካከል ሕዝብ ለፖሊስ የሚደውልበት የመንገድ ዳር የስልክ ሳጥን ቆሞ ያጓራል። ሁለት መምህራን የአንዲት ተማሪያቸው ጠባይ አሳስቧቸው ተከትለዋት ይመጣሉ። ሱዛን የምትባለው ይህች ልጅ ከመምህራኗ በላይ ሳይንስ ታውቃለች፤ ግን የእንግሊዝ ገንዘብ በዐሥር የሚመነዘር መስሏት ስትሳሳት ክፍሉ ይስቅባታል። ተመልካቹ በዚያ ምሽት አብሮ ስቆ ይሆናል፤ እንግሊዝ ግን በ1971 ገንዘቧን ልጅቱ ወደ ተናገረችው ስልት ለወጠች።

የድራማው እምብርት ሽማግሌው አያቷ ስለ ራሳቸው ማንነት በሚናገርበት ቦታ ላይ ነው። በዊልያም ሃርትነል የተወነው ይህ ሰው ከገዛ ዓለማቸው ተቆርጠው የቀሩ፣ ወዳጅም ጠባቂም የሌላቸው መሆናቸውን፣ አንድ ቀን ግን እንደሚመለሱ ለመምህራኑ ይነግራቸዋል። ራሳቸውን የሚጠራበት የእንግሊዝኛ ቃል አንድ ነው፤ አማርኛ ግን ከሁለት አንዱን ያስመርጣል። ስደተኛ ነፍሱን ወይም ነጻነቱን ለማዳን በራሱ እግር የወጣ ነው፤ ግዞተኛ በፍርድ ወይም በትእዛዝ ከአገሩ ርቆ እንዲቀመጥ የተደረገ ነው። የመጀመሪያው ሸሽቷል፤ ሁለተኛው ተልኳል። የመጀመሪያው የመመለሻውን ቀን ለራሱ ይቀጥራል፤ የሁለተኛው ቀን በሌላ ሰው እጅ ነው። በ1963 ይህን ለመተርጎም የተነሣ ሰው ቢኖር ኖሮ ከጽሑፉ ውስጥ ማስረጃ አያገኝም ነበር። መልሱ የመጣው በ1969 ነው፤ ሽማግሌው ከገዛ ወገኖቹ ሸሽቶ የወጣ መሆኑ ተገለጠ፤ ከዚያም ተይዞ ለፍርድ ቀረበና በምድር ላይ እንዲኖር ተፈረደበት። በስደተኛነት ጀምሮ ግዞተኛ ሆነ ማለት ነው። እንግሊዝኛው ያድበሰበሰውን ልዩነት ታሪኩ ራሱ ከስድስት ዓመት በኋላ ለየው።

ከዚህ የሚበልጠው ግን በአያትና በልጅ መካከል ያለው ክርክር ነው። አያትየው ወደ አገር ቤት ስለ መመለስ ያስባል፤ ሱዛን ግን እንግሊዝ አገር የኖረችባቸው አምስት ወራት ከሕይወቷ ሁሉ ደስ ያሏት መሆናቸውን ትናገራለች፤ ከሄደ ደግሞ ከእሱ ተለይታ መቅረትን እንደምትመርጥ ትነግረዋለች። ናይሮቢም ሆነ ካምፓላ ተቀምጦ ልጅ ያሳደገ የአማርኛ አንባቢ ይህን ክርክር በገዛ ሳሎኑ ሰምቶታል። ሽማግሌው ክርክሩን በምክር አልፈታውም፤ መሣሪያውን አስነሥቶ ልጅቱንም መምህራኑንም ሳይጠይቅ ይዟቸው ሄደ። የልጆች ድራማ ዋና ባለታሪኩን በመጀመሪያው ቀን ሰው ጠላፊ አድርጎ ማቅረቡ ድፍረት ነው።

ይህን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ከውጭ የመጡ፣ ወይም ቤቱ ውስጥ እንደ እንግዳ የሚታዩ ነበሩ። ሐሳቡን የገፋው የድራማ ክፍል ኃላፊው ሲድኒ ኒውማን ካናዳዊ ነው። ፕሮዲውሰሯ ቬሪቲ ላምበርት የ27 ዓመት ሴት፣ አዘጋጁ ዋሪስ ሁሴን ሕንድ የተወለደ የ24 ዓመት ወጣት ነበሩ። ደራሲው አንቶኒ ኮበርን አውስትራልያዊ ነው። የመግቢያ ዜማውን የደረሰው ሮን ግሬነርም እንዲሁ፤ ዜማውን ከቴፕ ቁርጥራጭና ከኤሌክትሪክ ድምፅ ቀምራ ሕይወት የሰጠችው ዴልያ ደርቢሸር ግን ስሟ በወቅቱ አልተጻፈላትም።

ይሁንና ሥራው ከዘመኑ ጉድፍ አልጸዳም። ሽማግሌው የመምህራኑን አለማመን ሲያፌዝበት፣ ባቡር መጀመሪያ ያዩትን የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ኋላ ቀር አእምሮ እንዳላቸው አድርጎ ምሳሌ ያመጣል። ስለ ስደት በዚህ ርኅራኄ የሚናገር ጽሑፍ በገዛ መሬታቸው ላይ ባይተዋር ስለ ተደረጉት ሰዎች ይህን ማለቱ ያሳፍራል። ቀጣዮቹ ሦስት ክፍሎችም ወደ ዋሻ ሰዎች የእሳት ጠብ ወርደው የመጀመሪያውን ጥልቀት አጥተዋል።

በዚያው ሌሊት ቢ.ቢ.ሲ. «ዛት ዋዝ ዘ ዊክ ዛት ዋዝ» የተባለውን ዝግጅቱን አቀረበ። ዴቪድ ፍሮስት የሚመራው ይህ ዝግጅት ሹማምንትን በማሽሟጠጥ ዝነኛ ነበር፤ በዚያ ቅዳሜ ግን ፌዙን ትቶ አጠር ባለ ጊዜ ኬኔዲን ብቻ አወሳ። ሚሊሰንት ማርቲን ለዕለቱ የተደረሰ መዝሙር ዘመረች። በማግሥቱ የአሜሪካው ኤን.ቢ.ሲ. መልሶ አሳየው። በዓርቡ ስሕተት ላይ ይህ እንደ ካሣ ነበር፤ ፌዘኛ የሚዘጋበትን ሰዓት ማወቁም ያስመሰግነዋል። ነገር ግን ሙሾው ከውዳሴ አላለፈም፤ ሟቹን እንደ ሐውልት አቆመው እንጂ እንደ ሰው አልጠየቀውም። አንድ ወር ቀደም ብሎ የተቀረጸው፣ ስለ ሞቱ ምንም የማያውቀው የልጆች ድራማ፣ ዓለም በአንድ ሌሊት ባዕድ ስትሆን ሰው ምን እንደሚሰማው ይበልጥ ተናግሯል።

ያን ቀን «ዶክተር ሁ»ን ያየው ወደ 4.4 ሚሊዮን ሕዝብ ነው። ሐሳቡ በሐዘኑ ተወስዶ ያመለጠው፣ በአንዳንድ አካባቢም መብራት የጠፋበት ስለ ነበረ፣ ክፍሉ በሳምንቱ ከሁለተኛው በፊት ተደገመ። በኋላ ግን ጣቢያው ውድ የነበሩትን የቪዲዮ ካሴቶች እያጠፋ ሌላ ቀረጸባቸው። የ«ጁክ ቦክስ ጁሪ» አብዛኛው ክፍል የለም፤ ከ«ዶክተር ሁ»ም ወደ መቶ የሚጠጉ ክፍሎች ጠፍተዋል። ዋሪስ ሁሴን ከሰባቱ ስድስቱን ያዘጋጀው የ1964ቱ «ማርኮ ፖሎ» ከድምፁና ከጥቂት ፎቶግራፎች በቀር አልተረፈም። በፊልም ተገልብጠው ለውጭ አገር ጣቢያዎች የተሸጡ ቅጂዎች ግን ዓለምን ዞሩ፤ ኢትዮጵያም ድራማውን ካሳዩት አገሮች አንዷ ነበረች። በ2013 ዘጠኝ የጠፉ ክፍሎች ናይጄርያ ውስጥ ጆስ ከተማ መገኘታቸው ተነገረ። ለንደን ቤቱ የቀረው ካሴት ተደምስሷል፤ ባሕር ተሻግሮ የተረሳው ፊልም ግን አርባ ዓመት አልፎት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሽማግሌው በዚያች ቅዳሜ አንድ ቀን እንመለሳለን ያለው ቢያንስ ለእነዚህ ፊልሞች ደርሷል።